ጠፍር ያልዞረለት በሬ

ቀረብ ቀረብ በሉ። በሕይወቴ እምላለሁ፤ አሁን የምነግራችሁ ከራሱ እስከ ጭራው እውነት ነው። አንዲት ነገር ከጨመርኩበት እነዚህ የቀሩኝ አራት ጥርሶች እዚሁ እናንተ ፊት ይርገፉ። ሦስቱ አላልኩም፤ አራቱም!

ድሮ ነው። ከብት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ የቤት ዕቃም ሲከፋው በሚያኮርፍበት ጊዜ። አንድ ዳልቻ የሚባል በሬ ነበረ።

ነበረ ስላችሁ ዝም ብሎ አልነበረም፤ ሰፍቶ ነበረ። ዙር ሲሉት ጭንቅላቱ ጠዋት ይዞራል፣ ሆዱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። በጥላው ሥር አንድ ሙሉ ገበያ ከነበጉ፣ ከነጨው አሞሌው ያርፍ ነበር። ሊተኛ ሲል ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች "ምድር ተንቀጠቀጠች" ብለው ልጆቻቸውን ይዘው ከቤት ይወጣሉ።

እንዲህ የሆነው በገዛ ጥፋቱ ነው። ጌታው አያ ምትኩ አምና ሊያርስበት ጠምዶት ነበር። በመጀመሪያው ትልም አለከለከ። በሁለተኛው ትልም ቆመ። በሦስተኛው ትልም ላይ ተኛ። ቢቆጡት ተኛ፣ ጅራፍ ቢያጮሁበት ተኛ፣ ጭራውን ቢጠመዝዙት "እህ" ብሎ ጎኑን ቀይሮ ተኛ። አያ ምትኩም ተስፋ ቆረጠና "እንግዲያው ብላ" አለው። ጠዋት ፋጉሎ፣ ማታ ፋጉሎ። ፋጉሎ ማለት ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ነው፤ ከብት ማድለቢያ ነው። ዳልቻ ግን "ጌታዬ ወደደኝ" እያለ አንድ ዓመት ሙሉ በላ። አንድም ቀን "ለምን?" ብሎ አልጠየቀም። ሞኝ!

አያ ምትኩ የቀረው የእርሻ በሬ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል፤ አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለጎረቤቱ። ዝናብ የሚዘንበው ደግሞ ሁልጊዜ በጎረቤቱ ቀን ነው። በዚህ ነገር አያ ምትኩ ጸጉሩን ነጭቶ ጨርሷል።

ሁዳዴ ሊገባ፣ የቅበላ ዕለት፣ ሰባት ጎረቤቶች መጡ። ዳልቻን ከበቡት። አንዱ ዳሌውን ጨበጠ፣ አንዱ ጎኑን ጠነቆለ፣ አንዱ ሻኛውን እንደ ሊጥ አሸው።

"ለፋሲካ ይደርሳል?" አለ አንዱ።

"ደርሷል እንጂ! ጣቴ እኮ ገብታ ልትቀር ነበር።"

"ሻኛው የኔ መደብ ላይ ይሁን።"

"አንተ ሁልጊዜ ሻኛ! አምናም ወስደሃል!"

ቅርጫ ገቡበት እንግዲህ። ገና ቆሞ እያመነዠከ ቆራርጠው ተከፋፈሉት። አያ ምትኩ ራሱን ነቀነቀና "ምን ላድርግ ብላችሁ ነው? ማረስ ቢችል ኖሮ ማን ያርደው ነበር?" አለ።

ዳልቻ ይህን ሲሰማ ማመንዠኩን ተወ። እየሮጠ ወደ በረቱ ጥግ ሄደ። እየሮጠ ስላችሁ፣ በማለዳ ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። እዚያ ጥግ አንዲት አሮጊት ጠፍር፣ ያው የእርሻ ዕቃ ማሰሪያ ቆዳ፣ በችንካር ላይ ተንጠልጥላለች። አንድ አሮጌ ቀንበርም ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል።

"እማማ ጠፍር! እማማ ጠፍር! ሊያርዱኝ ነው!"

"ሰምቻለሁ" አለች ጠፍር። "እኔ የአያትህ ቆዳ ነኝ። ያን ዳሌ ጨበጥ ጨበጥ ሲያደርጉ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ ለኔ አትነግረኝም።"

"እባክሽ ለኪኝ! ምን ያህል ነው የወፈርኩት?"

ጠፍር ከችንካሯ ወረደች፣ ሆዱን ዞረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ሁለት ጊዜ አረፈች። በመጨረሻ ጫፍና ጫፏ ሳይገናኙ ቀሩ። "ሃያ አራት ጣት ጎደለኝ" አለች እያለከለከች። "ሁለት ስንዝር ሙሉ! ድሮ አያትህ ላይ ተርፌ እንጠለጠል ነበር።"

"ምን ይሻለኛል?"

ቀንበር ከጥግ አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ስማ አንተ ጎረምሳ። የሚያርስ በሬ አይታረድም፤ ሲሉ ሰምተሃል። ፋጉሎውን ቀንስና ጭድህን ብላ። እኔን ደግሞ በየቀኑ በአንገትህ አንሳ፣ አውርድ፤ አንሳ፣ አውርድ። ሆድህ ይቀንሳል፣ አንገትህ ይጠነክራል።"

"እሺ አባ ቀንበር! በስንት ቀን? በሁለት? በሦስት?"

"ሁዳዴውን ሙሉ።"

"ሃምሳ አምስት ቀን?" አለ ዳልቻ። ጩኸቱ የሦስት መንደር ውሻ አስጮኸ። "ሃምሳ አምስት ቀን! ቀልድ ነው?"

"ሆዱን ስታመጣው ስንት ቀን ፈጀብህ?"

"እሱማ ዓመት ነው። ግን እየበላሁ ስለነበረ አልታወቀኝም!"

እንግዲህ ምን ያድርግ? ጀመረ። ጠዋት አያ ምትኩ ገንዳውን ፋጉሎ ይሞላል። ዳልቻ ጥቂት ቀምሶ ጭዱን ይበላል። የተረፈውን ፋጉሎ የቤቱ ሙክት ፍየል፣ "ወንድምዬ፣ እኔ ልርዳህ" እያለ ይጠርግለታል። አያ ምትኩ ባዶ ገንዳ ሲያይ "ጎሽ!" ይላል። እኩለ ቀን ላይ ባልና ሚስቱ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ያኔ ዳልቻ አንገቱን ከቀንበሩ ሥር ያስገባል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ አንሥቶ ተኛ። ሁለተኛው ቀን ሁለት ጊዜ አንሥቶ ተኛ። ሦስተኛው ቀን ሦስት ጊዜ አነሣ፣ ተኛ፣ አለቀሰም።

ባነሣ ቁጥር ደግሞ ወደ ጠፍር ይሮጣል።

"ለኪኝ!"

"ጠዋት ለካሁህ እኮ።"

"አሁን ደግሞ ጭድ ነው የበላሁት። ለኪኝ!"

"ያው ነህ።"

"እንዴት ያው እሆናለሁ? በስመ አብ! ሦስት ጊዜ አንሥቼ?"

"ስማኝ ልጄ" አለች ጠፍር፣ "እኔ አሮጊት ነኝ፤ በቀን ሰባት ጊዜ ያን ተራራ ዙሪ ስትለኝ እበጠሳለሁ። በየእሁዱ ብቻ ና።"

የመጀመሪያው እሁድ ሆነ። ጠፍር ለካች። "ሃያ ሦስት ጣት ጎደለኝ።"

"አንድ ጣት ብቻ? ሳምንት ሙሉ ተሰቃይቼ አንዲት ጣት? የትኛዋ ጣት ናት? ትንሿ ጣት ናት አይደል? እኔን ሊያርዱኝ ነው፣ አንቺ ጣት ትቆጥሪልኛለሽ!"

ያኮረፈውን ዳልቻ ፍየል አገኘው። የፍየሉ ጢም በፋጉሎ ወዝቷል።

"ወንድምዬ ዳልቻ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ያጃጅሉሃል። ስብ ምንድነው? ውሃ ነው። ውሃን የሚያወጣው ምንድነው? ፀሐይ። የአያ ምትኩን ደበሎ ልበስና ፀሐይ ላይ ቁም።"

ዳልቻ ደበሎውን ለበሰ፣ ቆላ የወረደ ይመስል ፀሐይ ላይ ቆመ። ላቡ ጎረፈ። ከላቡ ብዛት ግቢው ውስጥ ያለች እንቁራሪት ክረምት የገባ መስሏት መዝፈን ጀመረች። በማግስቱ ወደ ጠፍር ሮጠ።

"አራት ጣት ቀንሰሃል!" አለች ጠፍር፣ እሷም ደነገጠች።

"አየሽ! አየሽ! አባ ቀንበር፣ አይተሃል? እናንተ በሃምሳ አምስት ቀን፣ እኔ በአንድ ቀን!" አለና እየፎከረ ወንዝ ወረደ። ጠምቶት ስለነበር ወንዙን ግማሽ ጠጣው። ሲመለስ ተለካ።

"አራቱም ጣት ተመልሷል" አለች ጠፍር።

ቀንበር ሳቀ። የእንጨት ሳቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያናድዳል። ዳልቻ ቀንበሩን በንዴት ሰባት ጊዜ አነሣው።

ሁለተኛው እሁድ ሌላ አንድ ጣት ቀነሰ። "አሁንም አንድ!" ብሎ ጭዱን በእግሩ ሲበትን ዶሮ ሰማችው።

"አንተ ዳልቻ፣ ለምን ትበላለህ ግን?" አለች ዶሮ። "እኔ እንቁላል ስታቀፍ እህል የሚባል ሳላስብ እውላለሁ፤ እየኝ፣ ላባ ብቻ ነኝ። ጭዱንም ተወው! ጭራሽ አትብላ።"

"አልበላም!" አለ ዳልቻ።

አልበላም። አንድ ቀን አልበላም። ሁለተኛ ቀን አልበላም፣ ዓይኑን ጉም ጋረደው። ሦስተኛ ቀን አልበላም። ቀንበሩን ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ እዚያው እንደ ጎነበሰ ቀረ። አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣውም። አራተኛው ቀን ጠዋት አያ ምትኩ ፋጉሎውን ገና ከትከሻው ሳያወርድ፣ ዳልቻ ፋጉሎውን በላ፣ ጆንያውን በላ፣ የአያ ምትኩን የጋቢ ጫፍ በላ። ፍየሉን እንኳ "ወግድ!" ብሎ አባረረው። አያ ምትኩ ግማሽ ጋቢውን ይዞ እየሮጠ ወደ ሚስቱ ገባ። "ውድነሽ! ዘንድሮስ ፋሲካ ነው!"

እሁድ ጠፍር ዞረች። እንደገናም ዞረች።

"ተናገሪ እንጂ!"

"አንድ ጣት ጨምረሃል" አለች ቀስ ብላ።

ዳልቻ እዚያው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። "ሰለቸኝ" አለ። "እማማ ጠፍር፣ ሰለቸኝ። ሰዎቹ እኔን ለመብላት ቀን ይቆጥራሉ፤ እኔ ላለመበላት ቀን እቆጥራለሁ። የነሱ ቀን ይሮጣል፣ የኔ ሆድ ግን ቁጭ ብሏል።"

ቀንበር በዚህ ጊዜ አልሳቀም። "ና" አለው። "ነገም ጭድህን ብላ። ትንሽ ፋጉሎም ቅመስ፤ ጉልበት ያለ ምግብ ከየት ይመጣል? ከዚያ አንሣኝ። እኔ ቀልዬብህ ከሆነ ደግሞ ሞፈሩን ጥራው።"

ሞፈሩ ተጠራ። ቀንበሩ ላይ ተጋደመ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ አነሣ። እነሱ ሲቀልሉት ከበረቱ ጓሮ የወደቀው ትልቁ የወይራ ግንድ ተጠራ። ወፍራም፣ ኩሩ፣ ከወደቀ ጀምሮ ማንም ያልነካው ግንድ።

"እኔን?" አለ ግንድ። "እኔን አራት ሰው አንቀሳቅሶኝ አያውቅም!"

ጠፍር በአንድ ጫፏ ግንዱን፣ በሌላው ጫፏ ቀንበሩን ያዘች። ዳልቻ ሳበ። ግንዱ አንዲት ክንድ ተጓዘ። በማግስቱ ሌላ ክንድ። በማግስቱ ሌላ ክንድ። በየቀኑ፣ ቅዳሴ በተገባ ቁጥር፣ አንዲት ክንድ ብቻ።

አያ ምትኩ ጓሮ ወጥቶ ቆመ። "ውድነሽ፣ ይህ ግንድ ከበረቱ ኋላ አልነበረም እንዴ?"

"ጦሙ ነው ያዞረህ" አለችው ሚስቱ እማ ውድነሽ። "ግባና ሽሮህን ብላ።"

በሳምንቱ ግንዱ ከበረቱ ጎን ነበረ። "ውድነሽ፣ ኧረ ይህ ግንድ ይሄዳል!"

"አንተ ሰውዬ፣ ለፋሲካ ሳትደርስ ልታብድ ነው!"

አራተኛው እሁድ ዳልቻ ሁለት ጣት ቀነሰ። ዘለለ፤ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ከወንዙ ማዶ ሰዎቹ ወጡ። "ገባኝ! አሁንማ ገባኝ!" አለ።

እንግዲህ ገባኝ ያለ ቀን ነው መከራው የሚጀምረው። ገብር ኄር እሁድ ተለካ፦ ያው ነው። ኒቆዲሞስ ተለካ፦ ያው ነው! ሁለት ሳምንት ጭድ በልቶ፣ ሁለት ሳምንት ግንድ ጎትቶ፣ ጠፍር ሃያ አንድ ጣት ላይ ችንካር እንደመቱባት ቆመች።

"ትዋሺያለሽ!" ብሎ ጮኸባት። "አርጅተሻል! ሳስተሻል! ተለጥጠሻል!"

"ሳስቼ ቢሆንማ ጫፎቼ ይገናኙልህ ነበር" አለች ጠፍር፣ ተቀይማ ወደ ችንካሯ ወጣች።

በዚያ ቀን አመሻሽ ላይ ዳልቻ አጥር ሥር ቆሞ ሲነፋረቅ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ትሑት ድምፅ መጣ።

"እንደምን አመሹ፣ የኔ ጌታ?"

እመት ጅቢት ነበረች። ነጠላ ብታገኝ ታጣፋ ነበር፤ እንደዚያ ነው አንገቷን የደፋችው።

"ሐዘንዎን ከማዶ ሰምቼ አላስችል አለኝ። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድነው? ጭድ፣ ግንድ፣ ጣት መቁጠር! ምንድነው የሚፈልጉት? ስቡ እንዲነሣ አይደል? ዳሌዎን ወደ አጥሩ መለስ ያድርጉልኝ። እኔ ባንድ ጉርሻ ሁለት ስንዝሩን አነሣልዎታለሁ። ለወዳጅ ነው፤ ምንም አልጠይቅም።"

እናንተ ብትሆኑ ትስቃላችሁ። ሁለት ሳምንት "ያው ነህ" የተባለ ግን አይስቅም። ዳልቻ አሰበ። "ባንድ ጉርሻ?" አለ።

"ባንድ ጉርሻ፣ የኔ ጌታ። እርስዎ ዞር ብለው እስኪያዩ ያልቃል።"

ቀንበር ከጥግ "አንተ! አንተ ከብት!" ብሎ ጮኸ። የዘገየ ጩኸት ነበር። ዳልቻ በንዴትና በድካም ታውሮ ዳሌውን ወደ አጥሩ መለሰ። እመት ጅቢት አፏን እስከ ጆሮዋ ከፈተች፣ ባላት ኃይል ነከሰች።

ቀጭ!

የተሰማው የዳልቻ ድምፅ አልነበረም። የጅቢት የፊት ጥርስ ተነቅሎ ሰባት ጋራ ተሻግሮ ወደቀ።

"ዋይ! ዋይ! ጥርቼን!" አለች ጅቢት፣ በጥርስ አልባ አፏ። "ይሄ በየ አይጀለም፣ ቋጥኝ ነው!" እያለቀሰች ሄደች፤ እስከ ዛሬ ስትጮኽ የምትሰሟት በዚያ ምክንያት ነው።

ዳልቻ ዳሌውን ዞሮ አየ። ቆዳው ጫር ብሏል እንጂ ደም እንኳ አልወጣውም። በምላሱ ነካው። ያ እንደ ሊጥ ይታሽ የነበረው ዳሌ እንደ ወይራው ግንድ ጠጥሯል።

"እማማ ጠፍር" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "ያው ነህ ብለሽኝ አልነበር?"

"ዙሪያህ ያው ነው" አለች ጠፍር፣ ገና ኩርፊያዋ ሳይለቃት። "እኔ የምለካው ዙሪያህን ነው። ከውስጥ ስቡ ሲወጣ ሥጋው ቦታውን ሲይዝ እኔ በምን አያለሁ? ዓይን የለኝ! ደግሞ ተለጥጠሻል ብለኸኛል።"

"ይቅር በይኝ፣ እማማ።"

"እሁድ ና" አለችው።

ሆሳዕና እሁድ ሁለት ጣት ቀነሰ። ሃያ አራት የነበረው አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ሃምሳ ቀን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት፣ ከሃያ አራት ጣት አምስት ብቻ!

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ሰባቱ ጎረቤቶች ቢላዋቸውን ስለው ቅጠል ቆርጠው መጡ። የሚያርዱበት ሜዳ በር አጠገብ ነው። ሲደርሱ ግን ሜዳው መሃል ማን ተጋድሟል? የወይራው ግንድ! ከበረቱ ጓሮ አንዲት ክንድ፣ አንዲት ክንድ እያለ እዚያ ደርሷል።

"ይኸው!" አለ አያ ምትኩ፣ ለሚስቱ በጣቱ እያሳየ። "ይኸው! ዐበድክ ስትይኝ አልነበር?"

እማ ውድነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አራት ሰው ግንዱን ገፋ፤ ንቅንቅ የለም። ሰባት ሰው ገፋ፤ አንዱ ወገቡን ያዘ። "ይህን ሳናነሣ የት እናርዳለን?" እያሉ ሲጨቃጨቁ ዳልቻ ከበረቱ ወጣ። ቀንበሩ አንገቱ ላይ ነው፣ ጠፍር ከቀንበሩ ተንጠልጥላለች። ቢላዎቹን አይቷል። ግን ሄደ። ሜዳው መሃል ደርሶ ቆመ። እማ ውድነሽ ምን እንደታያት እንጃ፣ ጎንበስ ብላ የጠፍሯን ጫፍ ግንዱ ላይ አሰረች።

ዳልቻ ሳበ። በዚህ ጊዜ አንድ ክንድ ጎትቶ አልቆመም። ሜዳውን አቋርጦ፣ በሩን አልፎ፣ ማሳው ውስጥ ገባ። አንድ ዙር አዞረው፤ አላለከለከም። ሁለተኛ ዙር፤ አልቆመም። ሦስተኛ ዙር፤ አልተኛም።

ሻኛ ወዳዱ ጎረቤት ሮጦ ዳሌውን ሊጨብጥ ሞከረ። ጣቱ ታጠፈች። "ኧረ ይህን ብንበላው ጥርስ አይተርፈንም!"

"ማን ይበላዋል!" አለ አያ ምትኩ። እንባው ጢሙ ላይ ደርሷል። "ወዲያ በሉልኝ! የኔ ጥማድ ሞላ! ከእንግዲህ የሰው በሬ አልለምንም! ዝናቡ በኔ ቀን ይዝነብ!"

"እኛስ ምን ልንበላ ነው?" አሉ ሰባቱ።

ከገንዳው ዘንድ ግሳት ተሰማ። ሁሉም ዞሩ። ሁዳዴውን ሙሉ የዳልቻን ፋጉሎ የበላው ሙክት ቆሟል። ጥጃ አክሏል። ጀርባው ላይ ሰፌድ ቢያስቀምጡ አይንሸራተትም።

ፍየሉ እየተንከባለለ ወደ በረቱ ጥግ ሮጠ። "ወንድምዬ ዳልቻ! እማማ ጠፍር! አባ ቀንበር! ቶሎ ንገሩኝ፣ መቀነሻው እንዴት ነበር?"

"ፋጉሎ ቀንሶ ጭድ መብላት፣ ቀንበር ማንሣት" አለ ዳልቻ፣ ከልቡ አዝኖለት። "ሃምሳ አምስት ቀን ነው።"

"ሃምሳ አምስት?" አለ ፍየል። "እኔ እኮ እስከ ነገ ጠዋት ነው ያለኝ!"

ፍየሉ ምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። ጦም ሲፈታ የመንደሩ ሰው ከንፈር ሁሉ ያብረቀርቅ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ።

ዳልቻ ክረምቱን አረሰ። መስከረም ላይ አንድ ቀን ሲጠመድ ጠፍር በሆዱ ዞረችና "ዳልቻ" አለችው፣ "ጫፎቼ ተገናኙ።"

"ምን አልሽ?" አለ ዳልቻ። አልሰማትም ነበር። ትልሙን ቀና አድርጎ ለማውጣት ተጠምዶ ነበር፤ መለካት ከተወ ሦስት ወር አልፎታል።

እንግዲህ እናንተም ስሙ፦ በዓመት የመጣን ሆድ በሦስት ቀን ውጣ ቢሉት ይስቃል እንጂ አይወጣም። ጭዱን ብሉ፣ ቀንበሩን አንሡ፣ ጠፍሯንም በየደቂቃው አታስለቅሷት።

ተረቴ አለቀ፤ የሰማ ለጎረቤቱ ያድርስ። ጥርሶቼን ደግሞ አትዩብኝ፣ አራቱም አሉ። እርግጥ አንዲት ትንሽ ነገር... ዶሮዋ አልነበረችም። ማንም ሳይመክረው በገዛ ራሱ ነው እህል ያቆመው። ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ዶሮ የበርበሬ ችግኜን ጭራ ስለጨረሰችብኝ፣ ተናድጄ ነው ያስገባኋት።